ከከሰረች በኋላ ትምህርቷን ልታቋርጥ ላሰበች ተማሪ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነች። በቴሌግራም ፎሬክስ (የተለያዩ አገሮችን ገንዘብ እየገዙ መሸጥ) የሚያስተምር አንድ «ሜንተር» በቀን 1 በመቶ እንደምታተርፍ ቃል ስለገባላት፣ የትምህርት ክፍያዋንና ከወንድሟ የተበደረችውን ገንዘብ እሱ የጠቆማት ብሮከር (አገበያይ ድርጅት) ጋ አስገባች። ሁለት ጓደኞቿንም አስከተለች። ብዙም ሳይቆይ አካውንቷ ባዶ ሆነ። ሰውየውን ስትጠይቀው «ሲስተሙ ይሠራል፤ ዲሲፕሊን የጎደለሽ አንቺ ነሽ፤ ኃላፊነቱን ውሰጂ» አላት። አሁን ትምህርቷን አቋርጣ ሙሉ ጊዜዋን ትሬድ በማድረግ ገንዘቡን ልታስመልስ አስባለች። «ጥፋቱ የእኔ ከሆነ የማስተካክለውም እኔ ነኝ» ትላለች።

እህቴ፣ «ኃላፊነቱን ውሰጂ» ካለሽ ሰው ልጀምር። አነጋገሩ የአዋቂ ምክር ይመስላል። ግን ልብ በዪ፦ ብታተርፊ ምስጋናው ለሲስተሙ፣ ብትከስሪ ወቀሳው ላንቺ ነው። በዚህ አካሄድ እሱ መቼም አይሳሳትም። የእንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች ገቢም ብዙ ጊዜ ከገበያው አይመጣም። በእነሱ ሊንክ አካውንት ስትከፍቺ ብሮከሩ ኮሚሽን ይከፍላቸዋል፤ ክፍያው በገዛሽውና በሸጥሽው መጠን የሚታሰብበት ጊዜም አለ። አተረፍሽም ከሰርሽም የእነሱ ገቢ አይቋረጥም። አንዳንድ ብሮከሮች ደግሞ ትእዛዝሽን ወደ ገበያ አያወጡትም፤ ራሳቸው በተቃራኒው ወገን ይቆማሉ። ያኔ ያንቺ ኪሳራ የእነሱ ትርፍ ነው።

አካውንቲንግ ተማሪ ነሽና «በቀን 1 በመቶ» የሚለውን እስኪ አስዪው። ትርፉ በየቀኑ ዋናው ላይ እየተደመረ ከሄደ ገንዘቡ በ1 ዓመት ወደ 38 እጥፍ ይጠጋል። ዋረን ባፌት በርክሻየር ሃታዌይን እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በመራባቸው ዘመናት የድርጅቱ አክሲዮን ያደገው በአማካይ በዓመት 20 በመቶ ገደማ ነው። ቻርልስ ፖንዚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ እከፍላለሁ ብሎ ነበር፤ ለቀደሙት የከፈለው ኋላ ከገቡት ሰዎች ገንዘብ ነው። በቀን 1 በመቶ የሚያተርፍ ሰው ተማሪ ከወንድሟ ተበድራ የምታመጣውን ገንዘብ ምን ሊያደርግለት ይፈልጋል?

ዲሲፕሊን የሚሉት ነገርም ቢሆን ከሂሳቡ አያመልጥም። በ1 ለ100 ሌቨሬጅ፣ ማለትም በ1 ብር መያዣ የ100 ብር ግብይት በሚያስገባ አሠራር፣ ሙሉ ገንዘብሽን ይዘሽ ከገባሽ፣ ዋጋው 1 በመቶ ባንቺ ላይ ሲዞር መያዣሽ ያልቃል። ኤስማ የሚባለው የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ እንዳደረገው፣ ፎሬክስን ጨምሮ ሲኤፍዲ በሚባሉት ውሎች (ንብረቱን ሳይገዙ በዋጋው መውጣትና መውረድ ብቻ የሚነገድባቸው) ከሚነግዱ ተራ ደንበኞች አካውንት ውስጥ በተለምዶ ከ74 እስከ 89 በመቶው ከሳሪ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ያሉ ብሮከሮች የከሳሪ ደንበኞቻቸውን መቶኛ ማስታወቂያቸው ላይ እንዲጽፉ ተገደዋል። ይህ ሁሉ ሰው ስሜቱን መቆጣጠር አቅቶት ነው ብትዪኝ አላምንሽም።

ስለዚህ ማታለሉ የሱ ነው፤ እሱን አትሸከሚለት። ያንቺ የሆነ ድርሻ ግን አለ፣ እሱን ደግሞ ለማንም አታስተላልፊ። የወንድምሽ ዕዳ ያንቺ ነው። ሜንተሩ ሌባ መሆኑ ብድሩን አይሰርዘውም። ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂና ገንዘቡ እንደሌለ ንገሪው፤ በወር ስንት ልትከፍይ እንደምትችዪም አብራችሁ ጻፉት፣ ትንሽም ቢሆን። ጓደኞችሽ ያመኑት ደግሞ ሰውየውን ሳይሆን አንቺን ነው። ኪሳራቸውን በሙሉ መመለስ አለብሽ አልልም፤ አዋቂዎች ናቸው፣ ራሳቸው ወስነው ገብተዋል። ነገር ግን ምን እንደደረሰብሽ ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው፣ በተለይ እስካሁን ካልወጡ። እነሱን በማስገባትሽ የተከፈለሽ ኮሚሽን ካለ ደግሞ ከሁሉም በፊት እሱን መልሺላቸው። በጥያቄሽ ውስጥ ስለዚህ ምንም አላልሽም፤ ከሌለ ይቅርታ።

ትሬዲንግ ሥራ አይደለም አልልም። በባንክና በኢንቨስትመንት ድርጅቶች በዚህ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ግን ደመወዝተኞች ናቸው፤ የሚሠሩት በድርጅቱ ወይም በደንበኞች ካፒታል ነው፤ የኪሳራ ገደባቸውን የሚጠብቅ ሌላ ክፍል አለ። በዚያ በር ለመግባት የሚጠየቀው አንደኛው ነገር አሁን ልትተዪው ያሰብሽው ዲግሪ ነው። አንቺ ያሰብሽው ግን ሌላ ነው፦ በሌላ ብድር፣ ደመወዝ ሳይኖርሽ፣ የጠፋውን ለማስመለስ እየተጣደፍሽ መነገድ። ገንዘቡ በግማሽ የቀነሰበት ሰው ወደነበረበት ለመመለስ 50 ሳይሆን 100 በመቶ ማትረፍ አለበት። አካውንቱ ባዶ የሆነበት ሰው ደግሞ የሚያስመልሰው በአዲስ ገንዘብ ነው፤ አዲሱ ገንዘብ ከየት ሊመጣ ነው?

ከሙያ አንፃር ሳየው ግን ይህ ነገር ለአካውንቲንግ ተማሪ የማይገኝ መማሪያ ነው። የብሮከሩን የሂሳብ መግለጫ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አውርጂ፣ ሳይዘጉብሽ። ያስገባሽውን፣ ያወጣሽውን፣ በስፕሬድ (በመግዣና በመሸጫ ዋጋ ልዩነት)፣ በኮሚሽንና በአዳር ክፍያ (ግብይቱ ሳይዘጋ ሲያድር በሚታሰበው) የተቆረጠውን ለየብቻ አውጥተሽ አስታርቂው። በዋጋ መዋዠቅ የሄደው ስንት፣ በክፍያ የሄደው ስንት እንደሆነ ቁጥሩ ይነግርሻል። ማጭበርበርን ከሰነድ መመርመር ፎረንሲክ አካውንቲንግ የሚባል ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው፤ ኦዲት፣ ኮምፕሊያንስ (ሕግና ደንብ መከበሩን መከታተል) እና የስጋት አስተዳደርም ጎረቤቶቹ ናቸው። ስምና የግል መረጃ ሰርዘሽ ያዘጋጀሽው እንዲህ ያለ ትንተና፣ ሲቪ ላይ «ፎሬክስ ትሬደር» ብሎ ከመጻፍ በብዙ ይሻላል። ኢንተርቪው ላይ ከተጠየቅሽም በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሺ፦ የሆነውንና ከሰነዱ ያገኘሽውን። ከዚያ በላይ አትሂጂ።

በነገራችን ላይ «የጠፋ ገንዘብሽን እናስመልስልሻለን» የሚሉ ሰዎች በቅርቡ ሊጽፉልሽ ይችላሉ። የተጭበረበሩ ሰዎች ዝርዝር ይሸጣል። አስቀድመሽ ክፈዪ ካሉሽ አትመልሺላቸው፤ ያለሽን ማስረጃ ለሕግ አካል ስጪ።

የትምህርት ክፍያውን በተመለከተ፣ የምዝገባው ጊዜ ሳያልፍ ወደ ሬጅስትራር ሂጂና ክፍያው በየጊዜው እንዲከፋፈልልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ካልተፈቀደልሽ አንድ ሴሚስተር በሕጋዊ መንገድ አስፈቅደሽ ውጪ፤ ሳይናገሩ መቅረትና አስፈቅዶ መውጣት ስትመለሺ ይለያያሉ። በዚያ ሴሚስተር ደመወዙ ትንሽም ቢሆን የሂሳብ መዝገብ ያዥነት ሥራ ፈልጊ።