የጽንሱ የጭን አጥንት በ2 ሳምንት አነሰ ለተባለችው እህት

እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ ባለ ክሊኒክ አልትራሳውንድ ተነስተሽ፣ በወር አበባሽ ሲቆጠር 30 ሳምንት፣ የልጁ የጭን አጥንት ግን 28 ሳምንት ተብሎ እንቅልፍ እንዳጣሽ ጽፈሻል። «ዳውን ሲንድረም (ልጁ ይዞት የሚወለደው የአእምሮና የአካል እድገት ችግር) ይሆን?» ነው ጥያቄሽ። አይዞሽ፣ በዚህ ቁጥር ብቻ እንዲህ አይባልም።

ወረቀቱ ላይ «ቢፒዲ» የጭንቅላት ወርድ ነው፣ «ኤሲ» የሆድ ዙሪያ፣ «ኤፍኤል» የጭን አጥንት። ማሽኑ ልኬቱን ከአማካይ ጋር አነጻጽሮ ነው ሳምንት የሚሰጥሽ። በዚህ የእርግዝና ጊዜ ደግሞ 2 ሳምንት፣ አንዳንዴም 3 ሳምንት ወዲህ ወዲያ ማለት የተለመደ ነው። አንቺ ወይም አባቱ አጭር ከሆናችሁ ልጁም ሊያጥር ይችላል። ይህን ሊጠይቁሽ ይገባ ነበር።

ከሁሉ በፊት ቀኑን አጣሪ። የወር አበባሽን በእኛ አቆጣጠር ተናግረሽ ወደ ፈረንጆቹ ሲቀየር ስህተት ይገባል፤ መሃል ላይ ጳጉሜ ካለች ደግሞ ይብሳል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የተነሳሽው አልትራሳውንድ ካለ እሱን እመኚ። ያኔ የሚገኘው ዕድሜ ቢሳሳት በ1 ሳምንት ገደማ ነው። ወረቀቱን ፈልገሽ ይዘሽ ሂጂ።

ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይተሽ ድጋሚ ተለኪ። አጥንቱ እንደሚገባው ማደጉን ከቀጠለ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። በጣም አጭር ከሆነ፣ ወይም ልቡ ላይ ወይም ሌላ ቦታ አብሮ የታየ ነገር ካለ፣ እንደ ጳውሎስ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ጠይቂ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ደም ወይም ውሃ ከፈሰሰሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሂጂ።