ትራም በኮምፔንሳቶ ላይ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ቤቴ መጥቶ የትራም መንገዴን ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ አይወጣም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት «ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ላኩ፣ አንድ ላይ እመልሳለሁ» አልኩ። ጎረፈ። ለአዲስ ሰው ባጭሩ፦ የድሮ የከተማ ትራሞችን ከነመንገዳቸው አሳንሰን እንሠራለን። መንገዱ በአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ አይሠራም፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቁራጭ እንሠራለን፣ ስንገናኝ እንገጣጥመውና ትራሙ ከኔ ሰፈር ተነስቶ ያንተ ሰፈር ይገባል። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ከዚህ በታች ያለው ግማሹ መልስ የመጣው ከዚያ ደረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ስቱዲዮ ነው። አልጋና ፍሪጅ ከገባ በኋላ ለኔም መቆሚያ የለኝ። ይቻላል?

ይቻላል። እንዲያውም ሰፊ ቤት ያለው ሰው ነው ጀምሮ የማይጨርሰው። የኔ የመጀመሪያው ቁራጭ 1 ሜትር ከ20 ነበር። ቃሊቲ ከባቡር ወርጄ ሚኒባስ ውስጥ ላስገባው ስል ረዳቱ «ይሄ የሁለት ሰው ቦታ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከፈልኩ። ቤት ስደርስ ደግሞ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር አለና የጎረቤቴን የግድግዳ ቀለም ልጬበት ወጣሁ፣ እስካሁን ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ 60 በ30 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ጉልበት ላይ ይቀመጣል፣ አልጋ ሥር ይገባል።

እንጨቱ 9 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ይሁን። ቺፑድ ርካሽ ነው፣ ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል። ወደ ታች ስትደርሱ እንደምታዩት ብዙ ውሃ እንጠቀማለን።

ጥያቄ፦ በስንት ነው የምታሳንሱት?

በ87። የፕራግ ከተማን ታትራ ቲ3 ውሰዱ፣ 14 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ተኩል ስፋት። በ87 ሲካፈል 16 ሴንቲ ርዝመትና 3 ሴንቲ የማይሞላ ስፋት ይሆናል። በ160 የሚያሳንሱም አሉ፤ ያኔ ትራሙ 9 ሴንቲ አይሞላም። ቦታ ይቆጥባል፣ ዓይን ይጨርሳል። እኔ መነጽር አድራጊ ስለሆንኩ 87።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ከተማ ይሻላል?

ሆንግ ኮንግ። ሰው ሁሉ ሊዝበን ይላል፣ የሊዝበን ቢጫ ትራም ቆንጆ ነው አልክድም። ግን የሊዝበን ሐዲድ ስፋቱ (በሁለቱ ሐዲድ መሃል ያለው ርቀት) 900 ሚሊ ነው፤ በ87 ሲካፈል 10.3 ይወጣል። ተሠርተው የሚሸጡት ሐዲዶች ደግሞ 9፣ 12 እና 16.5 ናቸው። ከማንኛቸውም ጋር አይገጥምም። የሆንግ ኮንግ 1067 ሚሊ ነው፣ ሲካፈል 12.3። ባለ 12ቱን ሐዲድ ታነጥፋለህ፣ ሰው አይለየውም። ከተማዋ ትራም ያላት ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ትራሞቿ ባለ ፎቅ ናቸው፣ ጎናቸው ቀጥ ያለ ሣጥን ነው። ከካርቶን ይቆረጣል። የቲ3 ፊት ግን ክብ ስለሆነ ካርቶን አይታዘዝለትም፣ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ድንች መሰለብኝ።

ጥያቄ፦ ከትራሙ ልጀምር ወይስ ከመንገዱ?

ከመንገዱ! ይህን ጥያቄ የላከውን ልጅ ላቅፈው ነበር። አብዛኛው ሰው ትራሙን ከውጭ ያስመጣል፣ በተነጠፈ ጠጠር ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ «ምን ጎደለኝ?» ይላል። የጎደለህ መንገዱ ነው። ባቡር የራሱ መሬት አለው፣ ሐዲዱ ከጠጠር በላይ ቆሞ ይታያል። የድሮ ትራም ግን የሰው መንገድ ላይ ነው የሚሄደው፤ ሐዲዱ ድንጋዩ ውስጥ ተቀብሯል፣ ጋሪውም እግረኛውም ይረግጠዋል። ድንጋዩን በደንብ ከሠራህ ትራም ሳይኖርበትም የትራም መንገድ መሆኑ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ድንጋዩ እንዴት ይሠራል?

በጄሶ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

ሐዲዱን ኮምፔንሳቶው ላይ ለጥፈህ፣ ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍበት አረጋግጠህ (ከዚያ በኋላ መቆፈር ስለሆነ)፣ ጄሶውን እንደ አጥሚት ቀጭን አድርገህ በሐዲዱ መሃልና በውጪ በኩል ታፈሳለህ። ከሐዲዱ አናት ግማሽ ሚሊ ያህል ዝቅ ይበል። እኩል ካደረግኸው ሐዲዱን ስትጠርግ ድንጋዩን ትልጣለህ።

አሁን ዋናው ነገር። የትራም ጎማ በውስጥ በኩል ወደ ታች የሚወርድ ከንፈር አለው። ለዚያ ከንፈር በሁለቱም ሐዲድ የውስጥ ጎን ቦይ ያስፈልጋል፣ ወደ 1 ሚሊ ተኩል ስፋት ያለው። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ጄሶው ይድረቅና ቆይቼ እቆፍረዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። በመርፌ፣ በቢላ፣ በምስማር ስፍቅ ዋልኩ፣ ትራሙ ግን አንድ እርምጃ ሄዶ ይዘላል፣ ሄዶ ይዘላል። አሁን ጄሶው እንደ አይብ ሲሆን አሮጌ ጎማ ከነዘንጉ ይዤ እየተጫንኩ ወዲያና ወዲህ እነዳዋለሁ። ጎማው ራሱ የሚበቃውን ቦይ ይከፍታል። ማጠብ ብቻ አትርሱ፣ ያ ጎማ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ አይሆንም።

ድንጋዩን የምጭረው ያኔ ነው፣ አይብነቱ ሳያልፍ። አሥር ሴንቲ ያለው የሰፈራችን ኮብልስቶን በ87 ሲካፈል 1 ሚሊ ከትንሽ ይሆናል። አሰብኩት፦ 60 ሴንቲ በ10 ሴንቲ መንገድ ላይ ከ45 ሺህ ድንጋይ በላይ! ማንም አይቆጥረውም፣ 2 ሚሊ አድርጉትና ተገላገሉ። እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ የተሰካ ጫፉ የደነዘዘ መርፌ ይበቃል። ረጅሙን መስመር በማስመሪያ፣ አጭሩን በእጅ። በእጅ ሲሆን ትንሽ ይወላገዳል። ይወላገድ፣ በራችን ላይ ያለው ኮብልስቶንስ መቼ ቀጥ አለ?

ጥያቄ፦ የሁለት ሰው ቁራጭ እንዴት ይገጥማል?

ቀድሞ በመስማማት። እኔና አንድ የለገጣፎ ወዳጄ ሁለታችንም «ሐዲዱ ከጠርዝ 11 ሴንቲ» ተባብለን ሠራን። ስንገናኝ እኔ ከፊት ጠርዝ ለክቻለሁ፣ እሱ ከኋላ። ቁራጩ 30 ሴንቲ ነው። ሐዲዶቻችን 8 ሴንቲ ተራርቀው ተያዩ። ስቀን ሻይ ጠጣን፣ ምን ይደረጋል።

አሁን ከፊት ጠርዝ እንለካለን። ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ሁለት ቀዳዳ አለ፣ ብሎንና ዳዶ ይገባበታል። ቀዳዳዎቹን ሁላችንም የምንበሳው ከአንድ የቆርቆሮ ልክ ነው፣ እሱ ከሰው ሰው ይዞራል። ከሐዲዱ ጫፍ ሥር ሁለት የነሐስ ብሎኖች አስገቡና ሐዲዱን በእነሱ ላይ በዩት። አለበለዚያ ቦርሳ ሲነካው ይነቀላል።

ጥያቄ፦ ትራሙ መጨረሻ ሲደርስ ማነው የሚያዞረው? ክብ መንገድ ቦታ አይበቃኝም።

የድሮ ትራም በ18 ሜትር ራዲየስ ይታጠፋል እንበል፣ በ87 ወደ 21 ሴንቲ ነው። ሙሉ ዙር 42 ሴንቲ ይፈልጋል። የኛ ቁራጭ 30። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ መንጃ ያለው ትራም ምረጥና ሂድ መለስ ይበል።

ጫፍ ላይ እንዳይወድቅ ግን አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) በቂ ነው። ከመጨረሻው 20 ሴንቲ ላይ አንዱን ሐዲድ ብቻ ቁረጥ። ቁርጡን በዳዮድ አገናኝ። ትራሙ ሲገባ ኤሌክትሪኩ ይዘጋበትና ይቆማል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ስትገለብጥ ዳዮዱ ያሳልፋል፣ ትራሙ ተመልሶ ይወጣል። ካልቆመልህ ዳዮዱን ገልብጠህ ግጠመው። ከተቃጠለ ቻርጀር ውስጥ በነጻ ይገኛል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ?

የባጃጅ ባትሪ። ሞዴሉ የሚፈልገው 12 ቮልት ነው፣ ባትሪውም 12። በመሃል የዲናሞ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ይግባ። ግን እባካችሁ ፊዩዝ አድርጉ፣ 1 አምፔር ለአንድ ትራም ይተርፋል። እኔ ፊዩዝ ሳላደርግ ካቻቢቴ ሐዲዱ ላይ ጣልኩና ሽቦው ጨሰ፣ ቤቱ ለሁለት ቀን ጎማ ጎማ ሸተተ። ባትሪውን ቻርጅ የምታደርጉትም በረንዳ ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከላይ ያለው ሽቦ እውነት ኤሌክትሪክ ይኑረው?

አይኑረው። ለዓይን ነው። ከሐዲዱ 6 ሴንቲ ከፍ አድርጋችሁ ቀጭን ሽቦ ዘርጉ፣ በቃ። አንድ የምወደው ነገር አለ፦ ሲመንስ በ1881 እ.ኤ.አ. በርሊን አጠገብ ሊሽተርፌልደ ላይ ያስጀመረው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ትራም ከላይ ሽቦ አልነበረውም። 180 ቮልት በሁለቱ ሐዲድ ነበር የሚሄደው፣ ልክ እንደኛ ሞዴል። መንገድ የሚያቋርጥ ሰውና ፈረስ ይነዝረው ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ከተማ መሃል አያስኬድም፣ ሽቦው ወደ ላይ የወጣው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በለገሃር ባቡር ድምፅ ያደግሁ ነኝ፣ ዕድሜዬ 71 ነው። አዲስ አበባ ድሮ ትራም ነበራት?

ጋሼ፣ አልነበራትም። የከተማው ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። እርስዎ የሚያውቁት የጅቡቲው ባቡር ነው፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው። የእሱ ሐዲድ 1 ሜትር ስለሆነ እዚያው ባለ 12ቱ ላይ ይሄዳል። እኔ እርስዎን ብሆን ያልነበረ ትራም እሠራ ነበር፦ ከለገሃር፣ ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት ሥር ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ የሚወጣ። «በምናብ የተሠራ» ብለው ጫፉ ላይ ይጻፉበት እንጂ ማንም አይቃወምዎትም። የጣቢያውን ፊት ለመሥራት እርዳታ ከፈለጉ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጅ አለኝ፣ ይችላል?

ካርቶንና ጄሶውን አዎ። ብየዳውን አንቺ ያዢው።

ጥያቄ፦ ትራሜ እየቆመ እየሄደ ነው፣ ዲናሞው ሞቶ ይሆን?

አልሞተም፣ አቧራ ነው። እኛ ዳር ያለን ሰዎች በጋ ላይ መስኮት ከፍተን አንሠራም። ሐዲዱን በእርሳስ ላጲስ ፈግፍገው፣ ጎማውንም በአልኮል በነካ ጨርቅ። ብርጭቆ ወረቀት በጭራሽ፣ የሚቧጥጠው ጭረት ራሱ ቆሻሻ ይይዛል።

ጥያቄ፦ መቼ ነው የምንገጣጥመው?

እሑድ ከሰዓት፣ እኔ ቤት። እስካሁን አምስት ሰው ቁራጭ አለኝ ብሏል፣ ሦስት ሜትር ይሆናል፤ ኮሪደሩ ይበቃል፣ የሽንት ቤቱ በር ግን ለሁለት ሰዓት አይከፈትም። ውሃ ልክ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ። የኔን ጎረቤቴ ተውሳ አልመለሰችም፣ የግድግዳውን ነገር ስለማውቅ ልጠይቃት አልደፈርኩም።