የሆስፒታል ላይብረሪ ሥራ ምን አለው ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳየው ሳቄ መጣ። «ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ላይብረሪ ልቀጠር ነው፤ ሐኪሙ ሁሉ ስልኩ ላይ ጉግል እያደረገ እኔ ምን ልሠራ ነው?» ነው ያልሽው። እኔም ከ11 ዓመት በፊት ደብረ ብርሃን ስመደብ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ያኔ ሥራዬ ቁልፍ መያዝ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ብርድ ጋቢ ደርቤ እቀመጣለሁ። ተማሪው መታወቂያውን ያስይዛል፣ አንድ ኮፒ ብቻ ያለችውን የውስጥ ደዌ መጽሐፍ እሰጠዋለሁ፣ ማታ ስትመለስ ገጽ ተቀዶ እንደሆነ አገላብጬ አያለሁ። በቃ።

ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ በአንድ ጤና መኮንን ነው። ከአንድ ደጋ ወረዳ መጥቶ ስለ ዝሆኔ ፕሮፖዛል ሊጽፍ ነበር። «ኤሌፋንቲያሲስ» ብሎ ፈልጎ የወረደለት ጽሑፍ አብዛኛው በትንኝ ስለሚተላለፈው ትል የሚያወራ ነው። እሱ ያያቸው ሕመምተኞች ግን ደገኞች፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር ላይ ያረሱ ገበሬዎች ናቸው። ያ በሽታ ሌላ ነው፣ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፣ ትንኝም ትልም የለበትም፤ መነሻው አፈሩ ነው። እኔም ያን ቀን ነው ያወቅሁት፣ አልዋሽሽም። ከዚያ አብረን ተቀምጠን «ፖዶኮኒዮሲስ»፣ «ሞሲ ፉት»፣ «ፊላሪያ ያልሆነ ኤሌፋንቲያሲስ» የሚሉትን ስሞች በእንግሊዝኛው «ኦር» አያያዝናቸው፣ ከስሞቹ አንዱ ያለበት ሁሉ እንዲወጣ፤ «ኢትዮጵያ»ን ደግሞ በ«ኤንድ» ጨመርንበት፣ እሱም የግድ እንዲኖር። የሚፈልገው ሁሉ ወጣ። ሰውየው ሁለት ሳምንት የለፋበትን በግማሽ ሰዓት ጨረስነው፣ ሻይ ጋበዘኝ።

ስለዚህ ጉግል ሥራሽን አይቀማሽም። ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ብቻ ከ30 ሚሊዮን በላይ የጽሑፍ መዝገብ አለ፤ ሐኪሙ ፈልጎ አያጣም፣ የሚያገኘው በዝቶበት ነው የሚቸገረው። ሜሽ የሚባለውን የቃላት ሥርዓት ጠንቅቀሽ ልመጂ። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ አንዱ ጸሐፊ «ሃርት አታክ» ሌላው «ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን» ቢል ሁለቱንም አንድ ርዕስ ሥር ያስቀምጥልሻል። ሂናሪንም አትርሺ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው፣ በውጭ አገር በዶላር የሚሸጡ ጆርናሎችን እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ይከፍታል። ተቋሙ ተመዝግቦ የይለፍ ቃሉ አንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ሳለ ሬዚደንቶቹ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩት ሐኪሞች፣ ጽሑፍ ፍለጋ ጓደኛ ሲለምኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ቃል አስወጥተሽ ለሁሉም ማድረስሽ ብቻ የወር ደሞዝሽን ያስገኛል ባይ ነኝ።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ መጣ። ባለፈው አንድ ተማሪ በኤአይ ያሠራውን የሪፈረንስ ዝርዝር ይዞ መጣ፣ 20 ነበሩ። ጆርናሎቹ አሉ፣ ጸሐፊዎቹም አሉ፣ 6ቱ ጽሑፎች ግን የትም የሉም። ቅጽ ቁጥሩ፣ ገጹ፣ ዲኦአዩ (የየጽሑፉ የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ሳይቀር ተሟልቶ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖብን ግማሽ ቀን ስንፈልግ ዋልን። አሁን ማንም ዝርዝር ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ዲኦአዩን አስገብቼ ነው የማየው፣ አንቺም ከዚያ ጀምሪ።

ክፋቱ ምን መሰለሽ፣ አለቆች አሁንም መጽሐፍ ጠባቂ አድርገው ነው የሚያዩሽ። ስብሰባ አይጠሩሽም፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመጀመሪያዋ ተወቃሽ አንቺ ነሽ። እኔ የጠቀመኝ ላይብረሪ ውስጥ አለመቀመጥ ነው። ሐኪሞቹ ስለ ሕመምተኞቻቸው የሚነጋገሩበት የጠዋት ሪፖርት ላይ ግቢና ከኋላ ቁጭ በይ። «እስቲ ስለዚህ የወጣ አዲስ ነገር ካለ» ሲባል ስትሰሚ ጻፊው፣ ከሰዓት በፊት ሁለት ጽሑፍ በቴሌግራም ላኪላቸው። መጀመሪያ ዝም ይሉሻል። እኔን በሦስተኛው ሳምንት አንድ ዶክተር ኮሪደር ላይ አስቁሞ «ያቺን ነገር አንተ ነህ የላክኸው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው።