«ዋና ክልክል ነው»፦ ስለ ግልጽ ጽሑፍ ጥያቄና መልስ

ጋሽ አራሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የሰው ማስታወቂያ፣ ማመልከቻና ቃለ ጉባኤ ሳርም ነው የኖርኩት። ዛሬ ከሰዓት ነጻ ነኝ፤ ጠይቁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጽሑፋችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከማምጣታችሁ በፊትም ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

የጣና ልጅ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ጽሑፍ እንዴት ነው የሚጻፈው?

ጋሽ አራሚ፦ የምን ጽሑፍ? ለማን? ይዘህ ና ብያለሁ።

ጸሐፊዋ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ። ሐይቁ ዳር የሚለጠፍ ማስታወቂያ አርቅቄ ነበር፦ «በሐይቁ ዳርቻ የሚገኙ ነዋሪዎችና ተገልጋዮች ቆሻሻን ከማስወገድ አንጻር የሚስተዋሉ ክፍተቶችን ለመቅረፍ በሚደረገው ርብርብ የበኩላቸውን አስተዋጽኦ እንዲያበረክቱ ጥሪያችንን እናስተላልፋለን።» አለቃዬ ወደውታል። እናቴ ግን አንብባ «ታዲያ ምን አድርጉ ነው?» አለችኝ።

ጋሽ አራሚ፦ እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ! ጥያቄ እንዲህ ነው። የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚቋጨው ግስ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንባቢው አራት ነጥቡ ጋ እስኪደርስ ያለፈውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። እንግሊዝኛ ግሱን ቶሎ ስለሚያወጣ ርዝመት ይችላል፤ የእኛ ወገቡ ይቆረጣል። እዚህ 17 ቃል ተሸክመን የደረስንበት ግስ ምንድን ነው? «እናስተላልፋለን»። አስተላላፊው መሥሪያ ቤቱ ነው። ሰውየው ምን ያድርግ? «ከ… አንጻር»፣ «ክፍተት»፣ «ርብርብ»፣ «አስተዋጽኦ» የሚሉትን አውጪና የቀረውን እዪው። «ሐይቁ ውስጥ ቆሻሻ አትጣሉ። ገንዳው እዚህ ቦታ ነው» በቂ ነው። ገንዳው የት ነው?

ጸሐፊዋ፦ ገንዳ እንኳ የለም ጋሼ።

ጋሽ አራሚ፦ በይ! ያ ሁሉ ርብርብ የሸፈነው እሱን ነው። ከአለቃሽ ጋር ተነጋገሪና ተመለሺ።

ግጥም ወዳድ፦ ግጥምስ ግልጽ መሆን አለበት?

ጋሽ አራሚ፦ ሌላ ሰው ጠይቅ።

ባለ ጀልባው፦ ጋሼ፣ «ባሕር ዳር» ነው «ባህር ዳር»?

አዲሱ ትውልድ፦ ምን ለውጥ አለው? ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ነው። ሁለቱ ይቀነሱና እንረፍ።

የዘጌው፦ እንዴት ተደርጎ! «ሰአሊ ለነ» ማለት ለምኝልን ነው። በንጉሡ «ሠ» እና በዓይኑ «ዐ» ከጻፍከው «ሥዕል ሣዪልን» ይሆናል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው ሥዕል በሥዕል ነው፤ ሌላ አልጠየቅንም።

አዲሱ ትውልድ፦ እሱ ግእዝ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ አማርኛ ነው።

የዘጌው፦ አማርኛህ ከሰማይ ወረደ?

ጋሽ አራሚ፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። እኔ በ«ሐ» ነው የምጽፈው። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ጻፉ፤ ከላይ «ባሕር ዳር» ከታች «ባህርዳር» አይሁን።

ባለ ጀልባው፦ እሺ። «ዋና ክልክል ነው» ብዬ ሰሌዳ ተክዬ አንድ እንግዳ «ዋናው ምንድን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ጋሽ አራሚ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ መዋኘት ነው፤ «ና»ው ሲጠብቅ ዋነኛ ማለት ነው። «ገና» ላልቶ ያልደረሰ፣ ጠብቆ በዓሉ ነው። ዓሣ ቤት በር ላይ «እዚህ ዓሣ ይበላል» ተብሎ አይቻለሁ፤ «በ»ን አላልቶ ላነበበ ሰው በላተኛው ዓሣው ነው። ጸሐፊው የሚያስበውን ስለሚያውቅ አይታየውም፤ ለዚህ ነው ለሌላ ሰው ስጡና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ የምለው። ሁለት ዓይነት ካነበበው ቃሉን ቀይሩ። «እዚህ መዋኘት ክልክል ነው» በል፤ ማንም አይስትም።

የማኅበር ጸሐፊ፦ በቃለ ጉባኤያችን «ሊቀ መንበሩ ከአባላቱ ጋር ተወያይተው ወሰኑ» የሚለው ጠብ አስነሳ።

ጋሽ አራሚ፦ ያስነሳል። «ወሰኑ» አንቱታ ከሆነ የወሰኑት ሊቀ መንበሩ ብቻቸውን ናቸው፤ ብዙ ቁጥር ከሆነ ሁሉም ናቸው። «ሊቀ መንበሩና አባላቱ በአንድ ድምፅ ወሰኑ» ወይም «የወሰኑት ሊቀ መንበሩ ናቸው» ብለህ ለያቸው። የቱ እንደሆነ ካላወቅህ ጠቡ የሰዋስው አይደለም።

የጣና ልጅ፦ ጋሼ፣ ጽሑፌን እንዴት ላሳምረው?

ጋሽ አራሚ፦ አሁንም ባዶ እጅህን መጣህ?

ባለ ጀልባው፦ የጉዞ ሰዓቱን «2 ሰዓት» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ይበቃል?

ጋሽ አራሚ፦ «ጠዋት» ጨምርበት። የውጭ አገር ሰው የሚያነበው ከሆነ በእነሱ አቆጣጠር 8 መሆኑንም ጻፍ።

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ ተመለስኩ። ገንዳው ነገ ይመጣል ተባለ። «ገንዳው ነገ ጀልባ መነሻው አጠገብ ይቆማል» ብዬ ልለጥፈው?

ጋሽ አራሚ፦ «ነገ» ብለሽ እንዳትለጥፊ! ወረቀቱ በሳምንቱም «ነገ» እንዳለ ነው። ቀኑን ጻፊ። ደግሞ ገንዳውን በዓይንሽ ሳታዪ አትለጥፊ።