ፈሳሹ ስለቆመ ድኗል ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ባለቤትሽ ሲሸና ያቃጥለው ነበር፣ ፈሳሽም አየ። ጓደኛው የሰጠውን አሞክሲሲሊን ጥቂት ቀን ውጦ ተሻለው። «እኔ ምንም አልተሰማኝም፣ መመርመር አለብኝ ወይ?» ነው ያልሽው። አዎ፣ አለብሽ።

ነርስ ነኝ፤ የአባላዘር በሽታ ታካሚዎችን ለዓመታት አይቻለሁ። የእናንተ ዓይነት ነገር በብዛት ያጋጥመኛል። ወንዱ ጠዋት የውስጥ ሱሪው ላይ ቢጫ እድፍ ያይና ይደነግጣል። ያገኘውን ክኒን ይውጣል። ፈሳሹ ሲቀንስ ይረሳዋል። ሴቷ ግን ምንም ምልክት ሳታይ በሽታውን ይዛ ትቀመጣለች።

እንዲህ ያለው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ነው፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። ጨብጥ እነ ፔኒሲሊንን ከተላመደ ቆይቷል፤ አሞክሲሲሊንም ከዚያው ወገን ስለሆነ አይታመንም። ዛሬ ዋናው መድኃኒቱ ሴፍትሪያክሶን የሚባል መርፌ ነው፤ አንዴ ይወጋሉ፣ በቃ። ለክላሚዲያ ዶክሲሳይክሊን ይታዘዛል፤ 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ7 ቀን። እርግዝና ከጠረጠርሽ ቀድመሽ ተናገሪ፣ መድኃኒቱ ይቀየራል።

ካልታከመ በሴት ላይ ወደ ማህፀን ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ጠባሳ ከያዘ ልጅ መውለድ ሊያስቸግር ይችላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ በአንድ ሳምንት መድኃኒት የሚድን ነገር ነበር።

አብራችሁ ሂዱ። አንዳችሁ ታክማችሁ ሌላችሁ ከቀረ በሽታው መልሶ ይተላለፍባችኋል። መርፌውን ከተወጋችሁ 7 ቀን እስኪሞላ፣ ክኒኑም እስኪያልቅ ግንኙነት ይቅር። ከ3 ወር በኋላ ደግሞ እንደገና ተመርመሩ። ማን አመጣው በሚለው አትጣሉ። ክላሚዲያ ድምፁን አጥፍቶ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል መቼ እንደተያዛችሁ ከምርመራው አይታወቅም።

እዚያው እያላችሁ የቂጥኝና የኤችአይቪ የደም ምርመራም ጠይቁ። የቂጥኝ ቁስል አያምም፤ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይድናል፣ በሽታው ግን ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት በአንድ ዙር የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይድናል።

ባለቤትሽ ናሙና ከመስጠቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል አይሽና፤ የሚፈለገው መጀመሪያ የሚወጣው ሽንት ነው። አሞክሲሲሊን መውሰዱንም አይደብቅ፤ ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል።