አጃቢ መሆን ለምትፈልጉ ልጆቼ

ሰሞኑን ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የጎረቤቴ ልጅ መጣና «ጋሼ፣ ፖሊስ ከሆንኩ የባለሥልጣን አጃቢ ነው መሆን የምፈልገው» አለኝ። ለምን ስለው ጥቁር መነጽሩንና ሽጉጡን ነገረኝ። አልተቆጣሁትም። እኔም ስገባ የታየኝ እሱ ነበር። ግን ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልጻፈው፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ሥራ ነው።

አጃቢ ባለሥልጣኑን አያይም። ሰውየው ሲናገሩ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ሕዝቡን ነው የምታዩት፤ ከሕዝቡም እጁን። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ቀላል ነው። ሙቀት ስለሆነ ሰው በሸሚዝ ነው፣ እጁ ይታያል። ደሴ ስትወጡ ግን ጋቢ አለ። የጦሳ ተራራ ብርድ የሁሉንም እጅ ጋቢ ውስጥ ይከተዋል። ትከሻ ላይ ደግሞ ዱላ አለ። ከሌላ አካባቢ የተመደቡ ጓዶች መጀመሪያ ሰሞን ዱላ ባዩ ቁጥር ይደነግጡ ነበር። እኛ የምንፈልገው ሌላ ሰው ነው። ሁሉም መድረኩን ሲያይ እኛን የሚያየውን፣ ሁሉም ሲያጨበጭብ እጁን የማያወጣውን።

የሥራው ትልቁ ክፍል የሚያልቀው እንግዳው ሳይመጣ ነው። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ እንግዳ ደሴ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ ላይ ያለው የሃረጎ ዳገት ጠመዝማዛ ነው፤ ጉም ሲወርድ የፊተኛው መኪና መብራት እንኳ አይታይም። ስለዚህ ቀድመን እንሄዳለን። የተበላሸ ሲኖትራክ የቆመው የት ነው? መኪና ማዞር የሚቻለውስ የቱ ጋ ነው? ሆስፒታል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አዳራሹ ስንት በር አለው? አንዴ የጓሮ በሩን ቁልፍ የያዘው ዘበኛ ለቅሶ ሄዶ ግማሽ ቀን ስንፈልገው ውለናል። ሳናገኘው ግን እንግዳውን አላስገባንም።

ጀግንነት ተኩስ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብጹ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ መጥተው ከቦሌ ሲወጡ ተኩስ ተከፈተባቸው። ያተረፋቸው ጥይት የማይበሳው መኪናቸውና መኪናውን አዙሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መመለስ ነው። ሰውየውን ከቦታው ማራቅ ይቀድማል። በ2022 እ.ኤ.አ. ጃፓን፣ ናራ ከተማ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ሲገደሉ የመጀመሪያው ተኩስ አላገኛቸውም ነበር። ሁለተኛው የመጣው ከ2.5 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። በዚያ መሃል ማንም መሬት አላስያዛቸውም፤ ጀርባቸውም በደንብ አልተጠበቀም ነበር። እነዚያን ሰከንዶች ሌሊት ተኝቼ ሁሉ ቆጥሬያቸዋለሁ።

የምታጅቡትን አለቃ «አይሆንም» ማለትም ልመዱ። እኔ ቶሎ አልለመድኩም። አንድ ቀን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ስናልፍ አለቃዬ «አቁሙ፣ ሕዝቡን ሰላም ልበል» አሉ። ቦታውን ቀድመን አላየነውም። አፍሬ ዝም አልኩ፤ እሳቸውም ወረዱ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ከሰዉ መሃል ወጥተው ቀረቡ። ቀኝ እጃቸው ጋቢ ውስጥ ነው። ሲያወጡት አንጓቸውን ያዝኩና ጠመዘዝኩት።

ሙስበሃ ነበር የያዙት፣ መቁጠሪያ። ክሩ ተበጥሶ ፍሬዎቹ አስፋልቱ ላይ ተበተኑ። ሊመርቁ ነበር የመጡት። ጎንበስ ብዬ ልልቀምላቸው አልቻልኩም፤ ዓይኔን ከሕዝቡ ማንሳት አልችልም። መጠምዘዝ ግን አልነበረብኝም። መሃል ገብቼ በደረቴ ቆሜ፣ እጃቸውን በመዳፌ ይዤ «አባባ፣ አንዴ ይቆዩኝ» ብል ይበቃ ነበር። የፈራሁት እሳቸውን አልነበረም። ቅድም ዝም ማለቴን ነው የፈራሁት፤ የከፈሉት ግን እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ አዲስ ሙስበሃ ገዝቼ፣ ሰው ጠያይቄ ቤታቸውን አገኘሁት። አንጓቸው በጨርቅ ታስሯል። ቡና እየተፈላ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ሙስበሃውን ከመቀበላቸው በፊት ቀና ብለው አዩኝና ጠየቁኝ።

«ሰውዬው በሰላም ገቡ?»