ለእንጆሪ እበት ወይስ ዩሪያ?

ጥያቄ፦ ሆለታ አካባቢ 200 ካሬ ሜትር ላይ እንጆሪ አለኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ 12 ኪሎ ዩሪያ ሰጠሁት። ቅጠሉ ጠቁሮ አምሯል፤ ፍሬው ግን ጥቂት ነው፣ ያለውም ሳይለቀም ይሻግታል። ጎረቤቴ «ዩሪያውን ተወውና እበት አልብሰው» ይለኛል። የላም እበትም የዶሮ ኩስም አለኝ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለአሁኑ ዩሪያውን ያቁሙ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ለእርስዎ ማሳ ለወቅቱ በሙሉ 4 ኪሎ ያህል፣ ያውም ተከፋፍሎ፣ ይበቃው ነበር። እንጆሪ ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠልና ሐረግ ብቻ ይሆናል። ፍሬው ይለሰልሳል፣ ከቅጠሉ ሥር እርጥበቱ ይታፈንና ግራጫው ሻጋታ ይገባል። ሐረጉን ይቁረጡ፣ የሻገተውን ለቅመው ከማሳው ያውጡ፣ ፍሬው አፈር እንዳይነካ ጭድ ያንጥፉለት።

የጎረቤትዎ ምክር ግን ግማሹ ብቻ ነው ልክ። እንጆሪ መሬት ላይ ተኝቶ የሚያፈራ፣ እሳት ሳይነካው የሚበላ ነው፤ ትኩስ እበት ካለበሱት በሽታ ለበላተኛው ይተርፋል። የዶሮ ኩስ ደግሞ ኃይለኛ ነው፣ ጨውም አለው፤ እንጆሪ ጨው አይችልም፣ ሥሩ ይቃጠላል። ሁለቱንም ከሣርና ከቅጠል ጋር ከምረው፣ እያገላበጡ ከ3 እስከ 4 ወር ያብላሉት። መድረሱን ለማወቅ አንድ እፍኝ ዘግነው ይጨብጡት። እበት እበት ከሸተተ ወይም እጅዎን ካሞቀ ገና ነው፤ የደረሰው ዝናብ የነካው የጫካ አፈር ይሸታል።

እኔ ብሆን በሚቀጥለው ተከላ ከ4 እስከ 6 ኩንታል ብስባሽ ከአፈሩ ጋር አዋህዳለሁ። ብስባሽ አፈሩን ያላላል፣ እርጥበት ይይዛል፤ ግን ዝግተኛ ነው፣ በመጀመሪያው ወቅት ከናይትሮጅኑ የሚለቀው ከፊሉን ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ከገረጣ ብቻ 1 ኪሎ ዩሪያ፣ ከተክሉ አንድ ጋት ራቅ አድርጌ ሰጥቼ ውሃ አጠጣለሁ። የተክሉን እምብርት ከነካው ያቃጥለዋል።

ስለ ጣፋጭነቱም ልንገርዎ። ፍሬ ፖታሲየም ይፈልጋል፤ ዩሪያም ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያም ግን ፖታሲየም የላቸውም። ብስባሽና የእንጨት አመድ አላቸው። የሆለታ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ስለሚሆን ጥቂት አመድ ክምሩ ላይ ቢነሰንሱ አይጎዳም። በጆንያ ማሳው ላይ እንዳያፈሱት ብቻ፤ እንጆሪ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የሚወደው፣ በኮምጣጣነት መለኪያው (ፒኤች) ከ5.5 እስከ 6.5።